በእጅ አፍ መፍታት፦ የምልክት ቋንቋ እንደ መጀመሪያና እንደ ሁለተኛ ቋንቋ

ብዙዎቻችን የምልክት ቋንቋ ሲባል በእጅ የሚገለጥ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ይመስለናል። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም ስቶኪ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የንግግር ቃል ከድምፆች እንደሚገነባ ሁሉ ምልክትም ከእጅ ቅርጽ፣ ከቦታና ከእንቅስቃሴ ይገነባል። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። እንግዲህ ማስተማርን ስናነሣ አስቀድመን መጠየቅ የሚገባን “የመጀመሪያ ቋንቋው ለሚሆነው ነው ወይስ ሁለተኛ ለሚሆነው?” ብለን ነው።

የመጀመሪያ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ አይሰጥም፤ ሕፃኑ በዙሪያው ካሉ ሰዎች ይቀስመዋል። ላውራ ፔቲቶና ፓውላ ማረንቴት እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የምልክት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት፣ ሌሎች ሕፃናት “ባባ፣ ዳዳ” በሚሉበት ዕድሜ ተመሳሳዩን በእጆቻቸው ሲያደርጉ ተስተውለዋል። አፍ በእጅም ይፈታል ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ቋንቋውን ከማያውቁ፣ ከሚሰሙ ወላጆች በመወለዳቸው ነው። “ትምህርት ቤት ሲገባ ይማረዋል” ብንልስ? ራሼል ሜይቤሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት አቅርበዋል። የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ ዘግይተው፣ በትምህርት ቤት ዕድሜ የተማሩ ሁለት ቡድኖችን አነጻጸሩ። አንደኛው ቡድን በሕፃንነቱ ምንም ቋንቋ ያልቀሰመ ነበር፤ ሁለተኛው ግን አስቀድሞ የንግግር ቋንቋ ከያዘ በኋላ የመስማት ችሎታውን ያጣ ነው። ሁለተኛው ቡድን በሰዋስው ፈተናው እጅግ የተሻለ ውጤት አስመዘገበ። በሕፃንነት የተያዘ ቋንቋ፣ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ለኋለኛው መሠረት ይሆናል፤ መሠረቱ ከሌለ ግን በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ አይሞላውም።

የምልክት ቋንቋን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር የሚሰማ ሰው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። መሠረቱ አለው፤ ዐይኑና ፊቱ ግን አልሠለጠኑም። በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ “አዎ” ወይም “አይደለም” የሚያስመልስ ጥያቄ በቅንድብ ማንሣት ይታወቃል፤ ፊት የሰዋስው አካል ነው። በእኛም አገር አንዳንድ ጀማሪ የጣት ፊደልን እንዳጠና ቋንቋውን የጨረሰ ይመስለዋል። በእርግጥ የጣት ፊደሉ ብልሃት ያለው ነው፤ የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ይለያል። ነገር ግን ፊደል መቁጠር ቋንቋ ማወቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት መጀመሩም ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን ያመለክታል።

ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የሚሰማ ወላጅ የምልክት ቋንቋን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ሲማር፣ ልጁ የመጀመሪያ ቋንቋ ያገኛል። ለዚህ ልጅ የጽሑፍ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ በደንብ የሚይዘውም መደላድሉ ሲኖረው ነው። ወላጁ ቋንቋውን አሟልቶ እስኪያውቅ ግን የልጁ ዕድሜ አይጠብቅም። ስለዚህ ሕፃኑን ቀድሞ ቋንቋውን ከሚያውቁ መስማት ከተሳናቸው ጎልማሶችና ልጆች ጋር ማገናኘት፣ ወላጁንም ጎን ለጎን ማስተማር ይገባል እንላለን።