በሰባት ዓመት ምን ይሆናል?

የልደት ሰርተፊኬት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቅበት አንድ ዘዴ ነበር፦ «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ግራ ጆሮህን ንካ!» ጣቱ የደረሰለት ይመዘገባል፤ ያልደረሰለት ለከርሞ ይባላል። ዛሬ የምንስቅበት ፈተና ነው፤ ነገር ግን ሞኝነት አልነበረም። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ለሰውነቱ ትልቅ ነው፣ ክንዱ ደግሞ አጭር። ስድስት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ በመጠን የአዋቂውን 90 በመቶ ያህል ደርሷል፤ እጅና እግሩ ግን ገና መመዘዝ አለባቸው። ፊሊፒናውያንም በዚሁ ዘዴ ሲሠሩ ኖረዋል።

ከዚያ ወዲያ እስከ 12 ዓመት ገደማ ያለው ጊዜ ከውጭ ሲያዩት ጭር ያለ ነው። ልጁ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የወተት ጥርሱ ይወልቃል። ከኋላ ደግሞ የማንንም ቦታ ሳይወስድ መንጋጋ ይበቅላል (ብዙ ወላጅ «የወተት ነው፣ ይወልቃል» እያለ ችላ የሚለው፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ጥርስ ይኸው ነው)። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ ይህን ዕድሜ የፆታ ስሜት አድፍጦ የሚቆይበት ጊዜ አድርጎ ቆጥሮታል። እኔ ግን ከልጅነት ሁሉ እንደዚህ የሚያስገርመኝ ጊዜ የለም፤ ልጅ ሁለት ነገሮችን በአንዴ በሐሳቡ መያዝ የሚለምደው በዚህ ጊዜ ነዋ! ቀላል መሰላችሁ? ቆዩኝማ።

በሁለት እኩል ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ቅዱና ለ4 ዓመት ልጅ አሳዩት። «እኩል ናቸው» ይላችኋል። ዓይኑ እያየ አንደኛውን ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገልብጡት። አሁን የቱ ይበዛል? ምንም ሳያመነታ ረጅሙን ይጠቁማል፤ ቁመቱን ሲያይ ጥበቱን ረስቶታል። የ8 ዓመት እህቱን ስትጠይቋት ግን በትዝብት አይታችሁ፣ «ያው ነው! መልሳችሁ ገልብጡትና እዩ» ትላለች። ሙከራው የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ነው። ተቺዎች አሉበት፤ ማርጋሬት ዶናልድሰን የምትባል ምሁር፣ ጥያቄው ለልጅ ስሜት በሚሰጥ መንገድ ከቀረበ ትንንሾቹም ከተገመተው በላይ እንደሚያውቁ አሳይታለች። ስለዚህ የዕድሜውን ድንበር እንደ አጥር አትዩት። አቅጣጫው ግን እውነት ነው።

ከውሃው ይልቅ እኔን የሚማርከኝ የብዩ ነገር ነው። ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ለታተመው መጽሐፉ ከሕፃናት ጋር ብይ ይጫወት ነበር። «ሕጉን አስተምሩኝ» ይላቸዋል፤ ቀጥሎም «ይህን ሕግ ማን አወጣው? ሊቀየር ይችላል?» ትንንሾቹ ሕጉ ከአባቶች ወይም ከእግዚአብሔር የመጣ፣ የማይነካ ነገር ነው ይላሉ። የሚያስቀው፣ ሲጫወቱ ራሳቸው አይጠብቁትም። 10 እና 11 ዓመት የሆናቸው ግን ሁላችን ከተስማማን መቀየር እንችላለን ባዮች ናቸው፤ ሕጉንም በትክክል የሚያከብሩት እነሱ ናቸው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለ። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ሲኒ ሰበረ፤ ሌላው ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ሲኒ ሰበረ። ማን አጠፋ? ትንንሾቹ አሥራ አምስቱን ቆጥረው ይፈርዳሉ። ከፍ ያሉት ሲኒውንም ሐሳቡንም አብረው ያያሉ። እዩት፤ ያው የውሃው ነገር አይደለም?

እኛ ሰፈር ቤተ ሙከራው ሰኞ ማክሰኞ ነው። «መስመሩን ረገጥሽ!» «አልረገጥኩም!» ጨዋታው ሊፈርስ ደርሶ፣ ክርክሩ ከጨዋታው ረዝሞ፣ በመጨረሻ «እሺ፣ ድገሚው» ይባልና ይቀጥላል። ቶሎ ሮጠን የምንገላግል አዋቂዎች ዋናውን ትምህርት እያቋረጥን ይመስለኛል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። የ4 ዓመት ልጅ «እንቆቅልህ» ብሎ የመጣለትን ይጠይቃል፤ መልሱም የመጣለት ነው። ስምንት ዓመት ሲጠጋ ግን አንድ አባባል ፊት ለፊት አንድ ነገር፣ በጓሮ ሌላ ነገር መሆኑ ይገለጥለትና ቤተሰቡን ሁሉ አገር ስጡኝ እያለ ያስጨንቃል።

ይህ ችሎታ ዋጋም ያስከፍላል። አምስት ዓመት የሆናቸውን «ከእናንተ ጎበዝ ሯጭ ማነው?» በሏቸው፤ አብዛኛው «እኔ! እኔ!» ይላል። ሦስተኛ ክፍሎችን ስትጠይቁ ግን ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ ልጅ ይዞራሉ። ልጁ ራሱንና ጓደኛውን ጎን ለጎን ማየት ጀምሯል። ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤሪክ ኤሪክሰን የዚህን ዕድሜ ትግል በትጋትና በበታችነት ስሜት መካከል ያደረገው አለምክንያት አይደለም፤ ልጁ «እኔ አንድ ነገር እችላለሁ» ብሎ ይወጣል፣ አለዚያ «ከሰው አንሳለሁ» ብሎ።

እኛ ደግሞ ልክ በዚህ ሰዓት ካርዱን ተቀብለን «ስንተኛ ወጣህ?» እንላለን። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል አርባ ዘጠኙ አንደኛ አይወጡም! ደረጃ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ልጁ እኛ ባንጠይቀውም ራሱን ማወዳደሩን አይተውም። ግን የሚወዳደረው ሌላ ሰው ስጡት፤ የትናንቱን ራሱን። ያለፈውን ሴሚስተር ካርድ ከአሁኑ ጎን አስቀምጡና፣ አማርኛ ላይ ስንት ጨመርክ፣ ሒሳብ ላይ ምን አስቸገረህ በሉት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለቱን ካርዶች አስተያይቶ ራሱ ይነግራችኋል፤ ምናልባትም መምህሩ ያላዩትን ነገር ጭምር።