የሞተር ብስክሌትን ፍሪሲዮን ከካቦ ወደ ዘይት ስለ መለወጥ

በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በበበቃ ዙሪያ የቡና ጆንያ ከማሳው እስከ መኪና መንገድ የሚደርሰው ቀድሞ በአብዛኛው በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነበር፤ ዛሬ ግን ሞተር ብስክሌትም የሥራው ተካፋይ ሆኗል። ዝናቡ ብዙ፥ መንገዱ ጭቃ፥ ዳገትና ቁልቁለቱ ተደጋጋሚ ስለ ሆነ ነጂው የግራ እጁን ሊቫ ሳያቋርጥ ይጨብጣል። ከሊቫው እስከ ሞተሩ የተዘረጋው ካቦ ውሃና ደለል ሲገባበት ይዝጋል፤ በሽፋኑ ውስጥ እየተፋተገ ይከብዳል፤ ውሎ አድሮም ክሩ አንድ በአንድ ተበጥሶ ያልቃል። እንግዲህ «ካቦውን ትቶ እንደ መኪና ፍሬን በዘይት ማሠራት አይቻልምን?» ተብሎ ቢጠየቅ አያስደንቅም። ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሰው ከዘይቱ የሚጠብቀውና ዘይቱ የሚሰጠው አንድ አይደለም።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኝና የሚለይ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ሸራዎቹ በሞላ ተጨብጠው ይኖራሉ፤ ሊቫው ሲጨበጥ ሞላው ይሸነፍና ይላቀቃሉ። በዘይት በሚሠራው ዐይነት ካቦውን የሚተኩት ሁለት ሲሊንደሮችና አንድ ቱቦ ናቸው፤ አንዱ ሲሊንደር ከመሪው ላይ ሆኖ ዘይቱን ይገፋል፥ ሁለተኛው ከሞተሩ አጠገብ ሆኖ በዘይቱ ይገፋል። ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይጓደል ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ስለዚህ የታችኛው ፒስተን በሰፋ መጠን ጉልበቱ ይበዛል፤ የሚሄደው ርቀት ግን በዚያው ልክ ያጥራል። ዘይት ከራሱ አንዳች ጉልበት አይጨምርም፤ የሚያስቀረው የካቦውን ፍትጊያ ነው።

እኛም በመጀመሪያ የሳትነው ይህን ነው። ከአሮጌ የፊት ፍሬን ላይ ፒስተኑ 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ፈትተን ከታች ገጠምን። የላይኛው ፒስተን ስፋት 12፥ የሚሄደውም 12 ሚሊሜትር ነበር። ሊቫው እጅግ ለሰለሰ፤ ማርሽ ሲገባ ግን ብስክሌቱ ወደ ፊት ተፈናጥሮ ሞተሩ ጠፋ። ኋላ ስናሰላው የታችኛው ፒስተን የሚሄደው 1.9 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ፍሪሲዮኑ ለመላቀቅ የሚሻው ደግሞ 8 ያህል ነበር። የታችኛው ስፋት 14 ቢሆን 8.8 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ይህ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ሲሊንደር በቶርኖ ማሠራት ይቻላል፤ ውስጡ ግን እንደ መስተዋት ካልለሰለሰ የፒስተኑን ጎማ ቶሎ ይበላዋል።

ካቦ ይስባል፥ ፒስተን ይገፋል። ስለ ሆነም ሲሊንደሩ ከሞተሩ ክንድ በስተኋላ በጠንካራ ላሜራ ታስሮ ክንዱን ወደ ቀድሞው አቅጣጫ እንዲገፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ላሜራው ከተጣመመ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። አየር በቱቦው ውስጥ ከቀረ ሊቫው እንደ ስፖንጅ ይሆናል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፥ ዘይቱን በሲሪንጅ ከታች ወደ ላይ መግፋት ይቀላል። ጎማዎቹ ለፍሬን ዘይት የተሠሩ ከሆኑ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይገባም፤ ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ይስባልና እንደ ቴፒ ባለ ርጥብ አገር አዘውትሮ መለወጥ አለበት።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ሊቫው ሲለቀቅ የላይኛው ፒስተን ፈጽሞ ወደ ኋላ ተመልሶ፥ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የምትወስደውን ትንሽ ቀዳዳ መክፈት አለበት። ለዚህም በሊቫው ላይ ጥቂት ልል መተው ግድ ነው። ቀዳዳዋ ከተዘጋች ዘይቱ በሙቀት ሲሰፋ መሄጃ ያጣና ሸራዎቹን በከፊል ያላቅቃል፤ ሁለት ጆንያ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው ሞተሩ እየጮኸ ብስክሌቱ ሲቆምበት ያየዋል። ክፍት ከሆነች ግን ሸራው ባለቀ ቁጥር ትርፉ ዘይት ወደ ላይ ይመለሳል፤ እንደ ካቦ ማጥበቅና ማላላት አያስፈልግም። በእኛ አስተያየት የለውጡ እውነተኛ ጥቅም ከልስላሴው ይልቅ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ካቦ በጫካ ውስጥ ቢበጠስ ሌላ ካቦ ከኪስ አውጥቶ መግጠም ይቻላል፤ ጎማው የቀደደ ሲሊንደር ግን እዚያው አይጠገንም። ስለዚህ ለውጡን የምናደርግለት ነጂ የቀድሞውን ሊቫና የካቦ ማሰሪያውን ቆርጦ እንዳይጥል፥ አንድ ካቦም ከወንበሩ ሥር ጠቅልሎ እንዲይዝ እንነግረዋለን።