በእህል ጉድጓድ ውስጥ ስለሚከማቸው ገዳይ አየርና ስለ መለያ መሣሪያው

በጅጅጋ ሜዳ፥ በአውባሬና በቀብሪ በያህ ዙሪያ ማሽላና በቆሎ የሚያርሰው ሕዝብ እህሉን ከነቀዝና ከሌባ ለመጠበቅ በመሬት ውስጥ መቅበርን ከአባቶቹ ተምሮአል። ጉድጓዱን ሶማሌዎች ባካር ይሉታል፤ ልማዱ በሐረርጌ ደጋም የታወቀ ነው። አፉ በተደፈነ ጊዜ እህሉና ነቀዙ ኦክሲጅኑን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ በምትኩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላበታል። ነቀዙ የሚያልቀው በዚህ ነው። ነገር ግን ነቀዙን የገደለው አየር ጉድጓዱን ከፍቶ የሚወርደውንም ሰው ይገድላል።

ይህ አየር መልክም ሽታም የለውም። ከንጹሕ አየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ አፉ ቢከፈትም ከታች ተኝቶ ይቆያል። በንጹሕ አየር ውስጥ ከመቶ 0.04 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከመቶ 10 እጅ ሲደርስ ግን በጥቂት ደቂቃ ሰውን ራሱን ያስታል። የወደቀውን ሊያወጣ የወረደው ወንድምም በላዩ ይወድቃል።

መብራት አውርዶ መፈተን የቆየ ዘዴ ነው፤ ሆኖም አይታመንም። ጋዙ ከመቶ 5 እጅ ሲሆን ሰው እየታመመ መብራቱ ሊነድ ይችላልና። ነቀዝ ለመግደል አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተጨመረበት እንደ ሆነ ደግሞ የሚወጣው ፎስፊን በመብራት አይታወቅም፤ ሲበዛም ይቀጣጠላል።

ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 በቆርቆሮ ኦክሳይድ ለሚሠራ የጋዝ መለያ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ጋዝ ሲነካው የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይለወጣል። ነገር ግን ይህ ማዕድን በብዙ መቶ ዲግሪ መጋል ይፈልጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም፥ ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ነውና፥ እምብዛም አይለየውም። አሚን ያለበት ፖሊመር ግን ይህንኑ ጋዝ ሳይሞቅ ይይዛል፤ ጉድለቱ ኤሌክትሪክን በደንብ አለማሳለፉ ነው። ሁለቱ በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሚለካ ቅንጣት ሲዋሐዱ ፖሊመሩ ጋዙን ይይዛል፥ ማዕድኑም ወሬውን ያደርሳል። የአፍንጫን ሥራ ተካፍለው ሠሩ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ድብልቁን እርጥበት ያሳስተዋል፤ የጉድጓድ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ስለዚህ ድብልቁ ገና በአብዛኛው የቤተ ሙከራ ሥራ ሲሆን፥ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው መለኪያ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ነው። ፎስፊንን ግን አይለይም፤ ለእርሱ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

የወረዳ ሹም መለኪያ ባስገዛ ጊዜ ጉድጓድ የሚከፈትበትን ወራት አስቀድሞ ይወቅ፤ መሣሪያውም በየቀበሌው ይዙር። መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ ጉድጓዱ ተከፍቶ በሚገባ ሳይናፈስ ማንም አይውረድ፤ የሚወርደውም ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ከላይ የሚጎትቱት ሰዎች ቆመውለት ይሁን። መለኪያውም እስከ ታች ይውረድ እንጂ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተይዞ አይነበብ።