ወረርሽኝ፣ ኪራይና መስኮት

በሽታ ሐኪምን ብቻ ሳይሆን ግንበኛንም እንደሚያሠራ ለመረዳት የፈለገ ሰው የኒውዮርክን ከተማ ቢመለከት ይበቃዋል። (የዚያን አገር ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከባሕር ማዶ የፈለሰው ድኻ በማንሃተን የሚከራየው ክፍል ብዙ ጊዜ መስኮት አልነበረውም። ባለቤቱ በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ኪራይ ለማግኘት ሲል ክፍልን ከክፍል ጀርባ ይደረድር ነበርና፣ በመካከል የሚገኘው ቀንም ሌሊትም ጨለማ ነው። የሳንባ ነቀርሳ እንዲህ ያለውን ቤት ይወዳል። ጋዜጠኛው ጄኮብ ሪስ የነዚህን ክፍሎች ፎቶግራፍ እያነሣ በ1890 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1901 የወጣው የኪራይ ቤቶች ሕግም በአዲስ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት እንዲኖረው አስገደደ።

በማርች 2020 ኮሮና ሲገባ ጸሐፊውም ሹሙም ሥራውን በቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ታዘዘ፤ የማንሃተን ፎቆችም ባዶ ቀሩ። የሚችለው ወደ ገጠር ቤቱ ሄደ፤ ኪራይ ወረደ፤ አከራዮችም የአንድና የሁለት ወር ኪራይ እየማሩ ተከራይ ይለማመጡ ጀመር። በዚያን ጊዜ «ትልቅ ከተማ አበቃለት» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ለእኛ ግን ይህ አነጋገር ችኮላ ይመስለናል። በሽታው የበረታው ረዣዥም ፎቆች በተደረደሩበት በማንሃተን መካከል ሳይሆን በኩዊንስና በብሮንክስ ነው፤ ይኸውም በቤቱ ሆኖ መሥራት የማይችለው አስታማሚ፣ ጽዳት ሠራተኛና ዕቃ አድራሽ ከነቤተሰቡ በጠባብ ክፍል በሚያድርበት ሰፈር ነው። ከፎቁ ቁመት ይልቅ በአንድ ክፍል የሚተኛው ሰው ብዛት ጎዳ ማለት ነው።

«ከቤትህ አትውጣ» የሚለው ትእዛዝ ቤት ያለውን ሰው ያስባል። ተከራይስ? ኒውዮርክ በችግር ምክንያት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ እስከ ጃንዩወሪ 2022 ድረስ ከለከለች። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሠረት አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምርበት ተከልክሎ ነበር። ደመወዙን ከአከራዩ ጋር የሚካፈል ወጣት ሠራተኛ ይህን አይረሳውም። የአዋጁ ጊዜ ሲያልፍ ክልከላውም አብሮ አለፈ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠርና የውል ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ የሚያዝ አዋጅ እስኪወጣ፣ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ተከራይ እንደ ልማዱ በአከራዩ ቸርነት ኖረ።

ወደ ባዶዎቹ ፎቆች እንመለስ። ሠራተኛው ከሳምንቱ ጥቂቱን ቀን ብቻ ቢሮ መግባት ስለ ለመደ፣ አሮጌው የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ተከራይ አጣ። «ታዲያ ለምን መኖሪያ አይደረግም?» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የአየር ማቀዝቀዣ ከመጣ ወዲህ የተሠራ መሥሪያ ቤት ወደ ውስጥ ጥልቅ ነው፤ በመካከል የሚቀመጠው ጸሐፊ መስኮት ባያይ ግድ የለም ተብሎ የታነጸ ነው። መኝታ ቤት ግን ያለ መስኮት አይፈቀድም። አንዱ በሽታ ያስወጣው ሕግ ሌላው በሽታ ያራቆተውን ሕንፃ ያዘው።

በ25 ዋተር ስትሪት የሚገኘውን፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራውን ሕንፃ የያዙት ሰዎች ግን መላ አገኙ። ከላይ እስከ ታች ሁለት ሰፊ ቀዳዳ ከፍተው ብርሃን አስገቡ፤ በመክፈቱ ያጡትንም ስፋት በጣራው ላይ 10 ፎቅ ጨምረው ተኩት። ከ1,300 በላይ መኖሪያ ወጣው። ከአራቱ አንዱ ገደማ ገቢው መጠነኛ ለሆነ ሰው የተመደበ ሲሆን፣ የቀረው በገበያ ዋጋ ይከራያል። ያ በበሽታው ወራት ወርዶ የነበረው ገበያ ደግሞ ቶሎ አገገመ፤ በ2022 አጋማሽ የማንሃተን መካከለኛ የቤት ኪራይ በወር ከ4,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር።