ደም የሚሰጠው ምስክርነት

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበ ወርቅ በተባለው ሰፈር፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርት ሆስፒታልና አጠገቡ የሚገኘው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሥጋ ደዌን ነገር ሲመረምሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ደዌው ራሱ በደም ምርመራ የሚለይ አይደለም፤ ሐኪሙ ቆዳንና ነርቭን ዳስሶ፣ ከቆዳ የተወሰደውንም ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ ያውቀዋል።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ግን ደም ታላቅ ምስክር ይሆናል፤ ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት በአንዳንድ ሕሙማን ዘንድ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ ሄሞግሎቢን፣ ለነርቭ ብግነት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ የደም ስኳር በየጊዜው ሊለካ ይገባል።

እጅግ የሚያስደንቀኝ ኤችቢኤ1ሲ የተባለው ምርመራ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል በሥጋችን ሲመላለስ ስኳር በሄሞግሎቢኑ ላይ እየተጣበቀ ስለሚሄድ፣ ምርመራው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ይገልጻል፤ በዋዜማው ብቻ ከጣፋጭ የታቀበ ሰውም ያለፈውን ሊሸሽግ አይቻለውም። ዳፕሶን በሚወስድ ሕመምተኛ ግን ሕዋሳቱ ዕድሜያቸውን ሳይፈጽሙ ስለሚፈርሱ፣ ውጤቱ ከእውነቱ አንሶ ሊታይና ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ደም ለመስጠት ወደ ላቦራቶሪ ከመግባትህ አስቀድሞ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ለሐኪምህ ንገረው።