የግጦሽ ቅቤ ወይስ ኦርጋኒክ ቅቤ? እንጀራ ለቀነሱ ወዳጆች የአንድ ደላላ ሂሳብ

ዛሬ የቡናም የጤፍም ዋጋ አንለጥፍም። ከደንበኞቼ መካከል ስኳር አለባችሁ ተብለው እንጀራና ዳቦ የቀነሱ፣ ወይም ቦርጭ ለማጥፋት «ኬቶ» የጀመሩ ሰዎች እየበዙ ነው። ጥያቄያቸው ደግሞ ተመሳሳይ ነው፦ «እንጀራውን ቀንሼ በቅቤ ልተካ ነው፤ የትኛውን ልግዛ? ግራስ ፌድ የሚባለውን ወይስ ኦርጋኒክ የሚባለውን?» ውጭ ያሉ ዘመዶቻችንም ሱፐርማርኬት ገብተው ሁለቱን አሽጎች ይዘው የሚደውሉበት ጊዜ አለ።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ጥያቄው ግማሹ የጤና ቢሆን ግማሹ የንግድ ነው። የንግዱን ግማሽ እኛ የቡናና የእህል ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

◾ ካርቦሃይድሬቱን መጀመሪያ እንዝጋው

በ100 ግራም የፋብሪካ ቅቤ ውስጥ 81 ግራም አካባቢ ስብ አለ፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። ካርቦሃይድሬቱ ከአንድ ግራም በታች ነው። ላሟ ሳር በላች፣ ፉርሽካ በላች፣ ሰርተፊኬት ኖራት አልኖራት ይህ ቁጥር አይለወጥም። ስለዚህ «ለኬቶ የሚሆነው ኦርጋኒኩ ብቻ ነው» የሚላችሁ ሰው ዕቃ እየሸጠ ነው። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

◾ ኦርጋኒክ የሚነግራችሁ

ኦርጋኒክ የአመራረት ሥርዓት ምስክርነት ነው። መሬቱ ላይ ኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አለመረጨቱን፣ መኖውም በዚያው ሥርዓት መመረቱን፣ ላሟ የእድገት ሆርሞን አለመወጋቷን ገለልተኛ ኢንስፔክተር መጥቶ አይቶ፣ መዝገብ አገላብጦ ይፈርማል። ቡና ላኪዎች ይህን ታውቁታላችሁ፦ ሰርተፊኬቱ ቡናው እንዴት እንደተመረተ ይናገራል እንጂ ስኒ ላይ ስንት ነጥብ እንደሚያመጣ አይናገርም። እሱን የሚናገረው ቀማሹ ነው።

ቅቤም እንደዚያው ነው። ኦርጋኒክ የተባለች ላም እህል ልትበላ ትችላለች፤ እህሉ ኦርጋኒክ ይሁን እንጂ። በአሜሪካ ሕግ ኦርጋኒክ ላም በዓመት ቢያንስ 120 ቀን ግጦሽ ላይ መዋል አለባት፤ በዚያ ወቅት ከምትበላው ደረቅ መኖ ቢያንስ 30 በመቶው ከግጦሽ መምጣት አለበት። አውሮፓ ደግሞ በመርህ ደረጃ ከዕለት ራሽኗ 60 በመቶው ሳር፣ ድርቆሽ ወይም መሰል መኖ እንዲሆን ያዛል። ቀሪው ክፍት ነው።

◾ ግራስ ፌድ የሚነግራችሁ

ይህኛው ስለ መኖ ነው የሚያወራው፤ ላሟ ምን በላች? ስለ ማዳበሪያና ስለ ፀረ ተባይ ግን ዝም ይላል። ችግሩ የቃሉ ጥበቃ መላላቱ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የግብይት ክፍል በተለይ ለሥጋ አውጥቶት የነበረውን የግራስ ፌድ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2016 አንስቶታል። አሁን ክብደት ያለው ከጀርባ ያለው የግል ወይም የአገር ማረጋገጫ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የአየርላንዱ ኬሪጎልድ ስሙን የገነባው በሳር ላይ ነው፤ መደበኛው አሽግ ኦርጋኒክ ነኝ አይልም። ሁለቱ ቃላት የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

◾ ሳሩ ቅቤው ውስጥ ምን ይለውጣል?

አረንጓዴ ሳር የምትበላ ላም ቅቤ ቤታ ካሮቲኑ ይበዛል፤ ቢጫነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሲኤልኤ የሚባለው የስብ ዓይነትና ኦሜጋ 3ም ከፍ ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ግን መጠኑን እንይ፦ በአንድ ሾርባ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 በሳሩም ቢሆን ጥቂት ነው። ኦሜጋ 3 የፈለገ ሰው ዓሣና ተልባ ይብላ። ቢጫነትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማቅለሚያ መጨመር በብዙ አገር የተፈቀደ ነው።

◾ ወደ አገራችን ስንመጣ

የገጠር ላሞቻችን አብዛኞቹ ግጦሽና ጭድ ላይ ናቸው። የከተማ ዙሪያ የወተት ላሞች ደግሞ ፉርሽካና ፋጉሎ ይጨመርላቸዋል። ፋጉሎ መጥፎ ነው አላልኩም፤ አያያዙ ነው ጣጣው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአዲስ አበባ ዙሪያ ጥናት 110 የወተት ናሙና መርምሮ በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ኤም1 አግኝቷል፤ በዋናነት የተጠረጠረውም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ደግነቱ ኤም1 ከስቡ ይልቅ ወደ አሬራውና ወደ አይቡ ያደላል። ቢሆንም «ላሟ ምን በላች?» የሚለው ጥያቄ የፈረንጅ ቅንጦት እንዳልሆነ ይህ በቂ ነው።

ወቅቱንም እዩ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሳሩ ለምለም ነው፤ ቅቤውም ቢጫ ነው። ዓቢይ ጾም የሚውለው በበጋ ነው፤ ላሟ ጭድ ላይ ናት። በጾም ግን ያልተሸጠው ወተት ተንጦ ቅቤ ይሆናል፣ ፈላጊም ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው ይሰቀላል። ማለትም ቅናሽ የምታገኙበት ወቅትና ጥሩ ሳር ያለበት ወቅት አንድ አይደሉም። ለሳሩ የሚገዛ በመስከረምና ጥቅምት ገዝቶ አንጥሮ ያስቀምጥ። ለዋጋው የሚገዛ በጾሙ መሃል ይግዛ።

◾ ከሁለቱም ቃል በፊት የሚመጣው ጥያቄ

እኛ ገበያ ላይ ትልቁ አደጋ የመኖው ዓይነት አይደለም፤ ቅቤው ቅቤ መሆኑ ነው። የአትክልት ቅባት፣ አልፎ ተርፎ ሙዝና ድንች የተቀላቀለበት እንደሚሸጥ በየበዓሉ ዜና እንሰማለን። ካርቦሃይድሬት ለቀነሰ ሰው ሙዝ ያለበት ቅቤ መግዛት ማለት በበር ያስወጣውን በመስኮት ማስገባት ነው። ውሃም በቅቤ ዋጋ ይመዘናል።

ስለዚህ ሂሳቡ በጥሬ ኪሎ ሳይሆን በተነጠረ ኪሎ ይሁን። ለምሳሌ ያህል (የዛሬ ዋጋ አይደለም)፦ አንዱ ቅቤ ኪሎው 1,000 ብር ሆኖ ሲነጠር 800 ግራም ቢወጣው፣ የንጹሑ ስብ ዋጋ 1,250 ብር ነው። ሌላው 900 ብር ሆኖ 680 ግራም ቢወጣው፣ ንጹሑ 1,323 ብር ገባ። ረከሰ ያላችሁት ተወደደ ማለት ነው። ከአዲስ ሻጭ ስትገዙ ሩብ ኪሎ ወስዳችሁ አንጥሩና መዝኑ። ቡና ሳንቀምስ ኮንትራት እንፈርማለን እንዴ?

◾ ታዲያ የቱን?

ውጭ ላላችሁ፦ ፍላጎታችሁ መኖው ከሆነ የታወቀ ማረጋገጫ ያለው የግጦሽ ቅቤ ግዙ። ስጋታችሁ ኬሚካል ከሆነ ኦርጋኒክ ግዙ። ሁለቱም የተጻፈበት ካለና ኪሳችሁ ከቻለ ጥሩ ነው፤ ካልቻለ ተራውም ካርቦሃይድሬት አይጨምርባችሁም።

አገር ቤት ላላችሁ፦ ከየት እንደመጣ የምታውቁት፣ የግጦሽ አካባቢ ቅቤ፣ የተነጠረ። ጥሬ ለጋ ቅቤ ካልፈላ ወተት ስለሚሠራ እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ማንጠር ይህን ስጋት በእጅጉ ይቀንሳል። የቦረናና የጉጂ ሰው ቡናን በቅቤ ጠብሶ ሲበላ የኖረው «ቅቤ በቡና» አሜሪካ ላይ ፋሽን ከመሆኑ በፊት ነው፤ ለዚያ የውጭ አሽግ አያስፈልገንም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ችላ እንዳይባል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች፣ እንጀራ በድንገት ስትቀንሱ ስኳራችሁ አደገኛ ዝቅታ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ መስተካከል አለበትና ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ከ100 ግራም ቅቤ ግማሹ ያህል ደግሞ ሳቹሬትድ ስብ ነው። ኮሌስትሮል ከፍ ያለበት ሰው ሳር የበላች ላም ቅቤ ስለሆነ ብቻ አይድንም።

◾ ለዩኒየኖች

«የእኛማ ሁሉም በተፈጥሮው ኦርጋኒክ ነው» የሚለውን ንግግር በቡና ለዓመታት ሰምተነዋል። ገዢ ግን ፕሪሚየም የሚከፍለው ለወረቀቱ እንጂ ለንግግሩ አይደለም። የኦርጋኒክ ግብርና አዋጃችን ቁጥር 488 ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ነው። በቅቤ ግን ከሰርተፊኬት በፊት የሚቀል ሥራ አለ፦ ቅቤው ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ከበላች ላም እንደመጣ መመዝገብና የተነጠረውን አሽጎ በስም መሸጥ። ስኳር ያለበት የከተማ ሰው የሚጨምረውን ብር ዛሬ የሚወስደው ስቲከር የለጠፈው ነጋዴ ነው። መዝገብ የያዘ ማኅበር ሊወስደው ይችላል።

የአካባቢያችሁን ቅቤ አንጥራችሁ ከኪሎ ስንት ግራም እንደወጣችሁ ቦታውንና ወሩን ጠቅሳችሁ ላኩልኝ፤ ሰብስቤ እለጥፈዋለሁ።

መልካም ገበያ።