ቀጋ ነቅለን ብሎኬት

ጥፋቱ የእኔም ነው። ሮቤ ያለው የወላጆቼ ግቢ አጥር ይቀየር አይቀየር ተብሎ ቤተሰብ ሲመክር “ይነቀል” ካሉት አንዱ ነበርኩ። ሮቤ ስል የባሌዋን ሳይሆን ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለችውን የአርሲዋን ማለቴ ነው። አጥሩ እናቴ በልጅነታችን ከወንዝ ዳር ችግኝ እያመጣች የተከለችው ቀጋ ነበር። እሱ ተነቅሎ ብሎኬት ተደረደረ፤ አናቱ ላይም የጠርሙስ ስባሪ ተሰካ። ዓመት ሳይሞላው ሌባ ጠርሙሱ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ጣል አድርጎ ተሻገረና የውሃ ፓምፑን ይዞ ሄደ። በቀጋው ዘመን ያንን አጥር የደፈርን እኔና ወንድሞቼ ብቻ ነበርን። እኛም ለፍሬው ስንል ነበር፤ የምንመለሰውም እጃችን እየደማ ነው።

ከፓምፑ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን የጎረቤታችን ጥያቄ ነው። ቀፎ ያላቸው አሮጊት ናቸው። “ልጄ፣ እናንተስ አጥራችሁን ሠራችሁ፤ ንቦቼ ምን ይቅሰሙ?” አሉኝ። ሕግ አጥንቼ፣ ስንት የድንበር ክርክር ሰምቼ፣ መልስ አጣሁ።

ለመሆኑ ቀጋ ምንድን ነው? እንግሊዞች ሃውቶርን የሚሉት እሾሃም፣ ባለቀይ ፍሬ ዛፍ አላቸው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወል መሬታቸውን በሕግ ሲከፋፈሉ፣ ብዙዎቹ የየድርሻቸውን ድንበር ያጠሩት በእሱ ነበር። ሃውቶርን በእኛ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። የእሱን ሥራ የሚሠራልን ግን ዘመዱ ቀጋ ነው፤ ሁለቱም ከጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸውና። እንዲያውም ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሌይ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሯል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። እኛ ግን ጽጌረዳ ስንፈልግ ከባሕር ማዶ የመጣውን በገንዘባችን እንገዛለን፤ የራሳችንን በገጀራ እንመነጥራለን።

ቀጋ ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ሮቤም ሆነ አዲስ አበባ ይበቅላል። አበባው ነጭና ሽታው ደስ የሚል ነው። ፍሬው ሲበስል ከብርቱካንማ ወደ ቀይ ያደላል።

አተካከሉ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። የበሰለ ፍሬ ይለቀማል፤ ይፈጠፈጣል፤ ዘሩ ከፀጉሩ እስኪለይ በውሃ ይታጠባል። በአፈርና በፍግ በተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ተዘርቶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ይዘገያል፤ ሞተ ብለው ቶሎ አይድፉት። ችግኙ ሲጠነክር፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ በሐምሌ ወደ መሬት ይዛወራል። ለአጥር ከሆነ በችግኝና በችግኝ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይበቃል። እስኪጠና ድረስ ዋነኛ ጠላቱ ፍየል ነው። በየዓመቱ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ይከርከም።

ጓደኛ ከፈለጉለት ኮሽም አለ። እሱም እሾሃም የአገራችን ዛፍ ነው፤ ብርቱካንማ ቢጫ ፍሬው ምራቅ የሚያስመልጥ ኮምጣጣ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ዘመዱ ኬይ አፕል በኬንያ የታወቀ የግቢ አጥር ሆኗል። ኮሽም ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። አንድ ተክለው ፍሬ ቢጠብቁ አንጀትዎ ያርራል፤ ስለዚህ አምስት ስድስት አድርገው ይትከሉ።

የቀጋ ፍሬ እንዲሁ ይበላል። ነገር ግን በዘሩ ዙሪያ ያለው ጥቃቅን ፀጉር ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ላይ ላዩን በልቶ ውስጡን መትፋት ነው። እኛ ልጆች ሆነን ይህንን የተማርነው በሳል ነው። ደርቆ እንደ ሻይ ሊፈላም ይችላል፤ ታዲያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል። ኮሽም ደግሞ ከስኳር ጋር ተቀቅሎ ጥሩ ማርማላታ ይወጣዋል።

“መሬቱ የመንግሥት፣ ለምን ልልፋ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል እንጂ በዚያ አያበቃም። ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው ይላል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሣ የሚከፈልበትን ሥርዓት የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም በመሬቱ ላይ ያለን ንብረት ይመለከታል። የተከሉት የእርስዎ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። “አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል” ይባላል። የእሾህ አጥር ድንበሩ ላይ ተለጥፎ ከተተከለ የሚያለቅሰው ጎረቤት ነው። አንድ ሜትር ያህል ወደ ራስዎ ገባ ብለው ይትከሉ፤ መከርከሚያ መንገድም ይኖርዎታል፣ ሸንጎም አይደርሱም።

እኛ ብሎኬቱን አላፈረስነውም፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። ባለፈው ክረምት ግን በግቢው ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር፣ አሥራ ሁለት የቀጋ ችግኝ ተከልን። ሦስቱ ሞተው ዘጠኙ ይዘዋል። ከግንቡ በላይ ብቅ ለማለት ገና ዓመታት ይቀራቸዋል። እናቴ ይህንን አላየችም። አሮጊቷ ጎረቤታችን ግን በመስቀል ሰሞን መጥተው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። “ይሁን፣ ንቦቹ ይጠብቃሉ” አሉኝ። ለእሳቸው የነበረኝ መልስ ይኸው ብቻ ነው፤ እንደዘገየም አውቃለሁ።